ስፔን ባሕር ዳር ገንዳ ያለው ቪላ፦ ለ11 ሰው፣ እማዬን ይዘን የምንገባበት ቤት አስመርጡኝ

የቦሌዋ
ሰላም እንዴት ናችሁ? ቤት ምርጫ ላይ እርዱኝ። ሦስት ወንድምና እህት ነን። እኔ ፍራንክፈርት፣ ወንድሜ ስቶክሆልም፣ ትንሿ ለንደን። እማዬ አዲስ አበባ ናት። አራታችን አንድ ጣሪያ ሥር ካደርን ዘጠኝ ዓመት አለፈን። ያኔም የአባባ ለቅሶ ነበር። አሁን ለደስታ እንገናኝ ብለን ተነስተናል።

ያሰብነው ኮስታ ብላንካ ነው። ከአሊካንቴ ወደ ሰሜን ባለው ወገኑ፣ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ላይ። ከነልጆቻችንና ከእማዬ ጋር 11 ሰው እንሆናለን። የወንድሜ ልጅ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። እማዬ 71 ሞላት፣ ጉልበቷን ያማታል። ጊዜው የጁላይ የመጨረሻ ሳምንት ነው። የለንደኖቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው፤ የኛዎቹ ደግሞ ኦገስት ላይ ይመለሳሉ። ፍልሰታም ኦገስት 7 ትገባለች፣ እማዬ በጾም መንገድ አትወድም።

ሁለት ቤት ላይ ደርሰናል። አንደኛው ሞራይራ ነው። ዳገት ላይ የተሠራ ዘመናዊ ቪላ፣ ነጭ፣ ዙሪያው መስታወት። ገንዳው ጠርዝ የለውም፣ ውሃው ከባሕሩ ጋር የገጠመ ይመስላል። አምስት መኝታ፣ ለሰባት ሌሊት 4,200 ዩሮ። ሁለተኛው ዴኒያ፣ ላስ ማሪናስ የሚባለው ሰፈር ነው። ሜዳ ላይ፣ ፎቅ የለውም፣ ገንዳው ተራ አራት ማዕዘን። 3,400 ዩሮ። ፎቶው ብዙም አያምርም። ልጆቹ የሞራይራውን ካልያዝሽ ብለው ወጥረውኛል። እውነቱን ለመናገር የኔም ልብ እሱ ላይ ነው። ምን ትላላችሁ?

ስቶክሆልም_ሹፌር
እንኳን ለዚህ አበቃችሁ እህቴ። ሞራይራን አውቀዋለሁ፣ ሁለት ሰመር ቤተሰቤን ይዤ ሄጃለሁ። ውብ ቦታ ነው። ኤል ፖርቴት የምትባል ትንሽዬ ዳርቻ አለች፣ ውሃዋ ጥልቅ ስላልሆነ ለልጆች ትመቻለች። ቤቶቹ ግን አብዛኞቹ ዳገት ላይ ናቸው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሳሎኑ ስንት ደረጃ አለ? አከራዩን ቁጥሩን ጠይቂው። «ጥቂት» ካለሽ አትቀበዪ፣ ቁጥሩን ይንገርሽ።

እኛ የያዝነው ቤት 38 ደረጃ ነበረው። ፎቶው ላይ አንድም አይታይም። አማቴ የገባን ቀን እየተደገፉ ወጡ። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ አልወረዱም። ባሕሩን ከሰገነት ላይ ሲያዩት ሰነበቱ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናትሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ እኔ ዴኒያ እላለሁ።

እሙ_ሦስት
እኔ ስለ ሦስት ዓመቱ ልጅ ልናገር። ይቅርታ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ዘመናዊ ቪላ ተከራይተን ነበር። የሳሎኑ አንድ ወገን ሙሉ ተንሸራታች መስታወት ነው። ሲከፈት ሳሎኑና የገንዳው ዳር አንድ ወለል ይሆናል። ደፍ እንኳ የለውም። ለዓይን ደስ ይላል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ እየሠራን ነበር። ቤት ውስጥ ስድስት ትልልቅ ሰዎች ነበርን። ሁላችንም ልጅቷን ሌላው ያያታል ብለናል። እኔ እንቁላል እየመታሁ ቀና ስል ሮዝ ነጠላ ጫማዋ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አየሁ። አንዱ ብቻ። ከመጮኼ በፊት የ12 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ዘሎ ገብቶ ነበር። አወጣት። ዛሬ ደህና ናት፣ አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል።

ምንም ድምፅ አልሰማንም። ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ አይጮኽም፣ አይንቦጫረቅም። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ።

ስለዚህ አጥር የሌለው ገንዳ በፍጹም። ተነቃይ አጥር አለ፣ አከራዩን ጠይቂ። ከዚያም ሌላ እኛ አሁን የምናደርገው አለ። አንድ ቀይ ኮፍያ ይዘን እንሄዳለን። ኮፍያውን ያደረገ ሰው ዓይኑ ከውሃው አይነሳም። ስልክ አይነካም፣ ሥጋ አይጠብስም። ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ኮፍያውን በእጁ ለሌላ ሰው ያስረክባል። ኮፍያውን ጥሎ መሄድ የለም። «ሁላችንም እናያለን» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው።

ፓሪስ_13
እሙዬ፣ እንኳን ተረፈችላችሁ። በነገራችን ላይ እዚህ ፈረንሳይ ይህ ነገር በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሕግ አለ። መሬት ውስጥ የተቆፈረ የግል ገንዳ ያለው ሰው ከአራቱ አንዱን ማድረግ ግዴታው ነው፦ አጥር፣ የማስጠንቀቂያ ደወል፣ መሸፈኛ ወይም ከላይ የሚገጠም መጠለያ። ካላደረገ ቅጣቱ እስከ 45,000 ዩሮ ይደርሳል። የሚከራይ ቪላም አይቀርለትም። ስፔን ላይ ግን አጥር የሌለው ቪላ በየቦታው ታያላችሁ። እዚያ ጠያቂው ራሱ ተከራዩ ነው።

የቦሌዋ
እሙ፣ አንብቤ ሳሎን ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ወዲያው ለሁለቱም አከራዮች ጻፍኩ። የሞራይራው ደረጃ 44 ነው። አጥር የለም፣ «ዕይታውን ስለሚያበላሽ» አንገጥምም አለኝ። ያ ጠርዝ የሌለው ወገን ደግሞ ከሁለት ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። የዴኒያዋ ሴትዮ በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰችልኝ። በ90 ዩሮ ተነቃይ አጥር ታስገጥማለች። በሩ ላይ አንድ ደረጃ ብቻ ነው ያለው አለችኝ። ልጆቹ አኩርፈዋል። ይለፍላቸዋል።

ሃቬያ_ወዳጅ
ለልጆቹም አዘኑላቸው እንጂ። ዕይታ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፣ ሰው ባሕር አያለሁ ብሎ ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣው። ሃቬያን አይታችኋል? አሬናል የሚባለው ሰፈር ሜዳ ነው፣ ዳርቻውም አሸዋ ነው። ከኋላ 753 ሜትር የሚረዝመው ሞንትጎ ተራራ አለ። ማታ ፀሐይ ስትገባ ቀይ ይሆናል። ዘመናዊ ቪላም ሞልቷል። ዴኒያ መጥፎ ናት አልልም፣ የሞንትጎ ወዲያኛው ወገን ናት። ምግቧም የታወቀ ነው፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በምግብ ከተሞቹ ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል።

የቦሌዋ
አሬናልን አየሁት ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። በኛ ሳምንት ለ11 ሰው የሚሆን ቤት አልቋል።

ውል_አንባቢ
ቤቱን ከመረጥሽ ወደ ወረቀቱ እንግባ። እኔ አሊካንቴ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ጽዳትና ቁልፍ ማስረከብ ላይ ሠርቻለሁ።

መጀመሪያ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቂ። በቫሌንሲያ ክልል ለቱሪስት የሚከራይ ቤት ከፊቱ «ቪቲ» የሚል ቁጥር አለው። ዴኒያም እዚያ ውስጥ ናት። ቁጥሩን ከክልሉ መዝገብ ላይ ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በኢንተርኔት የሚከራዩ ቤቶች አገር አቀፍ ቁጥርም እንዲያወጡ ታዟል። ቁጥር የለኝም የሚል አከራይ ጋር ቀብድ አትክፈዪ።

ሁለተኛ፣ አከራይዋ የሁላችሁንም ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ አድራሻና ስልክ ትጠይቃለች። አትደንግጪ። ከዲሴምበር 2 ቀን 2024 ጀምሮ ሕጉ እንግዳን ሁሉ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እንድታስመዘግብ ያስገድዳታል። ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ይፈርማል። ለልጆቹ ዝምድናቸው ይጻፋል። የፓስፖርት ፎቶ በዋትስአፕ ላኩ ከተባላችሁ ግን እንቢ በሉ። የስፔን የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ራሱ ኮፒ መውሰድ አይገባም ብሏል። ቁጥሩን ጽፎ መስጠት ይበቃል።

ሦስተኛ ውሉ ላይ የሰው ብዛት ይታያል። 12 ከተባለ 12 ነው። ዘመድ ከቫሌንሲያ መጥቶ ለምሳ ሊገባ ይችላል እንዳትዪ፣ አስቀድመሽ አስፈቅጂ። አንድ ጊዜ ክርስትና ሊያደርጉ 25 ሰው የጠሩ ቤተሰቦች አይቻለሁ። አከራዩ መጥቶ በር ላይ የቆሙትን መኪኖች ቆጠረ። በማግስቱ ሻንጣቸው ውጭ ነበር።

ለንደን_ካምደን
ቀብድ ከተነሳ የኔን ስሙ። ባለፈው ዓመት 1,800 ዩሮ ተበላሁ። ድረ ገጹ የሚያምር፣ ፎቶው የሚያምር፣ ዋጋው ከሌላው ሲሶ የሚቀንስ። ሰውየው በስልክ አነጋገረኝ፣ ትሑት ነው። «በባንክ ብታስገቢ የማከራያ ድርጅቱ ኮሚሽን ይቀርልሻል» አለኝ። አስገባሁ። አሊካንቴ ደርሰን በሩን ስናንኳኳ የቤቱ ባለቤቶች በፒጃማ ወጡ። ቤታቸውን አከራይተው አያውቁም። እኛ ስድስተኛዎቹ ነን፣ ከኛ በፊት አምስት ቤተሰብ እንደዚሁ መጥቷል።

አሁን የማደርገው ቀላል ነው። የቤቱን ፎቶ ጉግል ምስል ፍለጋ ላይ አስገባዋለሁ። ያው ፎቶ በሌላ ስም፣ በሌላ ከተማ ከወጣ ተውኩት። የምከፍለው በካርድ ነው፣ ከማከራያ ድርጅቱ ድረ ገጽ ሳልወጣ።

ስቶክሆልም_ሹፌር
አይዞሽ እህቴ። ከልጆች ጋር በር ላይ መቆም ምን እንደሚመስል ይገባኛል።

የቦሌዋ
ቁጥሩን ጠየቅኳት፣ ላከችልኝ፣ መዝገቡ ላይ አገኘሁት። ክፍያው 30 በመቶ ቀብድ፣ ቀሪው ከመግባታችን ስድስት ሳምንት በፊት። ለመያዣ 500 ዩሮ በካርድ። አሁን የሚያስጨንቀኝ የእማዬ ቪዛ ነው። ለስፔን ኤምባሲ ነው የምናመለክተው?

ኤምባሲ_በር
እናትሽ የሚቆዩት የት ይበልጣል? ፍራንክፈርት አምስት ሳምንት፣ ስፔን አንድ ሳምንት ከሆነ ለጀርመን ነው የሚያመለክቱት። ብዙ ቀን የሚቆዩበት አገር ነው የሚታየው። አንቺ ከምትኖሪበት የውጭ ዜጎች ቢሮ የዋስትናውን ወረቀት አውጪ፣ 29 ዩሮ ነው። ቪዛው 90 ዩሮ። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ጊዜ ግን አትቀልጂበት። ከአፕሪል 2024 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን አጥብቆታል። ድሮ በ15 ቀን የሚያልቀው አሁን 45 ቀን ነው። ደጋግሞ መግቢያ ቪዛም ቀርቷል። ስለዚህ አንዴ ከገቡ በኋላ ፍራንክፈርት፣ አሊካንቴ፣ ተመልሰው ፍራንክፈርት ችግር የለውም። «እግረ መንገዳችንን ለንደንን እናሳያት» እንዳትሉ። ከወጡ አይመለሱም። ማመልከቻውን ከጉዞው እስከ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ዛሬውኑ ቀጠሮ ያዙላቸው።

የለንደን እህትሽስ ፓስፖርቷ የማን ነው? የኢትዮጵያ ከሆነ የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ አያስገባትም። እሷም ቪዛ ያስፈልጋታል።

የቦሌዋ
ውይ! የኢትዮጵያ ነው። ይህን ማናችንም አላሰብንም። አሁኑኑ ልደውልላት።

አንድ_ሰው
ይህን ሁሉ ጣጣ ከምትሸከሚ ሆቴል አትይዙም? ቁርስ ይቀርብላችኋል፣ ገንዳው ጠባቂ አለው።

የቦሌዋ
አስበንበታል ወንድሜ። ሆቴል ውስጥ አራት ክፍል፣ አራት በር ነው። ማታ ሁሉም በሩን ይዘጋል። እኛ የናፈቀን ጠዋት ተነስተን እማዬን ወጥ ቤት ማግኘት ነው። ቡናውን ሆቴል የት ታፈላዋለች?

ቡና_ጠጡ
ቡና አልሽ! እንግዲህ የኔ ተራ ነው። ዘመናዊ ቪላ ውስጥ ምድጃው አብዛኛውን ጊዜ ኢንዳክሽን ነው። ኢንዳክሽን ላይ የሸክላ ጀበና አይሞቅም። ጭራሽ። ብረት የሌለበትን ዕቃ አያውቀውም። እኛ ይህን ያወቅነው ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ሰው ከቦ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እናቴ ጀበናውን አስር ደቂቃ ጥዳ ጠበቀች። እጇን አስጠግታ «ይህ ምድጃ ሞቷል» አለች። ነጠላ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ያቺ ጥምዝምዝ ሽቦ ያላት፣ ይዛችሁ ሂዱ። ከ20 ዩሮ ብዙም አትበልጥም። ዕጣኑን በረንዳ ላይ። ሳሎን ውስጥ የጭስ ደወል አለ፣ ሰፈር ይሰበስባል።

ምጣድ ግን አትውሰዱ። ስፔን ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የተዋዋለበት የኪሎዋት ጣሪያ አለው። የኛ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። ኤሲ እየሠራ፣ ማጠቢያው እየዞረ ምጣድ ስትሰኩ ቤቱ ድርግም ይላል። እንጀራውን ፍራንክፈርት ጋግረሽ በረዶ አድርገሽ ውሰጂ።

ሌላ፣ እናትሽ ከአዲስ አበባ ቅቤና ቋንጣ እንዳይዙ ንገሪያቸው። ሥጋና የወተት ውጤት ከኅብረቱ ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ከለንደንም ቢሆን። ጉምሩክ ላይ ሲጥሉባቸው ማየት ልብ ይሰብራል። በርበሬና ሽሮ ይምጣ። ቅቤውን አንቺ ፍራንክፈርት አንጥሪ።

እሙ_ሦስት
ቅቤ ከተነሳ የሹሩባ ቅባትንም ላንሳ። ገንዳው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ሁሉም ሰውነቱንና ፀጉሩን ይታጠብ። ቅባቱ ውሃውን ያደፈርሰዋል፣ ማጣሪያውንም ይደፍነዋል። 11 ሰው ቀላል አይደለም።

ውል_አንባቢ
ልክ ብላለች። እንደገባችሁም ቤቱን በሙሉ በቪዲዮ ቅረጹ። ግድግዳውን፣ ሶፋውን፣ የገንዳውን ወለል፣ የተሰነጠቀ ሴራሚክ ካለ። ለአከራይዋ በዚያው ሰዓት ላኩላት። አንድ አከራይ ጓደኛዬን ቀድሞ በነበረ ጭረት 250 ዩሮ ከመያዣው ቆርጦባታል። ቪዲዮ ስላልነበራት መከራከሪያ አጣች።

ስቶክሆልም_ሹፌር
መኪናውን ልጨምር። 11 ሰው ከሆናችሁ ባለ ዘጠኝ መቀመጫ ቫን እና አንድ ትንሽ መኪና። ቫኑን በተራ መንጃ ፈቃድ መንዳት ይቻላል። ከአየር ማረፊያው ዴኒያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኤፒ 7 የሚባለው አውራ ጎዳና ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ እዚያ ላይ ክፍያ የለውም። ቅዳሜ ግን ሁሉም ተከራይ የሚቀያየርበት ቀን ነው፣ መንገዱ ይጨናነቃል። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶችም እሑድ ዝግ ሊሆኑ ይችላሉ። ቅዳሜ ማታ ሳይመሽ አስቤዛችሁን ግዙ።

የቦሌዋ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእማዬ ቀጠሮ ተያዘ። እህቴም አመለከተች። ስንመለስ እነግራችኋለሁ።

የቦሌዋ
ተመለስን። ቃሌን ልጠብቅ።

የእማዬ ቪዛ በ39ኛው ቀን ወጣ። የእህቴ የወጣው ልንበር አራት ቀን ሲቀረን ነው። እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ አልነበረንም። ቤቱ ፎቶው ላይ ካየነው ይሻላል። ከኋላው የሎሚ ዛፍ አለ። ባሕሩ በእግር ስድስት ደቂቃ ነው፣ መንገዱ ሜዳ። እማዬ በየቀኑ ሄደች። አሸዋው ላይ ወንበር አድርገንላት ነጠላዋን ደርባ እግሯን ውሃ ውስጥ አስገብታ ትቀመጣለች። ባሕር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ቀምሳው «እውነትም ጨው ነው» አለች።

አጥሩ ቅዳሜ ከመግባታችን በፊት ተገጥሞ ጠበቀን። ትንሹ ልጅ በየጠዋቱ አጥሩን ይዞ ቆሞ ይጣራል። በሩን መክፈት አይችልም። ኮፍያ ገዛን እሙዬ፣ ቢጫ ነው ያገኘነው። የ14 ዓመቷ የእህቴ ልጅ እንኳ ተራዋን በቁም ነገር ትይዝ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ውሃው ደፈረሰ። የገንዳው ሰውዬ መጥቶ መድኃኒቱን ለካ፣ ማጣሪያው ሌሊቱን እንዲሠራ አደረገ። በማግስቱ ወለሉ ድረስ ይታይ ነበር። የሹሩባ ቅባት ነው፣ ተናግራችሁ ነበር።

ምድጃዋን ወሰድን። እማዬ በረንዳው ላይ ረከቦቱን ዘርግታ ጠዋትና ማታ አፈላች። አራተኛው ቀን ላይ አከራይዋ ፎጣ ልታመጣ መጥታ ሦስተኛውን ጠጥታ ሄደች። መያዣው ሙሉውን ተመልሷል።

ልጆቹ ስለ ሞራይራው ቤት አንድም ቀን አላነሱም።

እሙ_ሦስት
እልልልል! አጥሩን ይዞ ቆሞ ይጣራል ስትዪ እንባዬ መጣ።

ስቶክሆልም_ሹፌር
እንኳን ደስ አላችሁ። የአከራይዋን አድራሻ በውስጥ መስመር ላኪልኝ እስቲ። በሚመጣው ዓመት አማቴን መልሼ ልወስዳቸው እፈልጋለሁ። በሩ ላይ ያለው ደረጃ ምን ያህል ይሆናል?

የቦሌዋ
ልኬልሃለሁ። አንድ ስንዝር ነው። እማዬ የመጀመሪያውን ቀን እጇን ይዘናት ወጣች። ከዚያ በኋላ ብቻዋን።